የኮሸር ነጭ ወይን ጠጅ አቀማመስና የጥራት አመዛዘን
(የጣሊያኑ ሞስካቶ እንደ ምሳሌ)

መግቢያ

«ኮሸር» የሚል ምልክት ያለበት ወይን ጠጅ የተለየ ጣዕም ያለው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ምልክቱ የሚያረጋግጠው ግን ወይን ጠጁ በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ መሠረት በእነማን እጅና በምን ግብዓት እንደተሠራ ነው እንጂ ጥራቱን አይደለም። ስለዚህ ጥራቱ እንደማንኛውም ወይን ጠጅ በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ መመዘን አለበት። አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ቀማሹ ሊያውቃቸው የሚገቡ ደንቦች

ሀ) ተክሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚሰጠው ፍሬ ጥቅም ላይ አይውልም።

ለ) ፍሬው ከሚጨመቅበት ጊዜ አንሥቶ ጠርሙሱ እስኪታሸግ ድረስ ወይኑን የሚነኩት ሰንበትን የሚያከብሩ አይሁድ ብቻ ናቸው።

ሐ) ኮሸር ካልሆነ እንስሳ የተገኘ ጄላቲን ለማጥሪያ አይፈቀድም። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ አፈር ግን ይፈቀዳል።

መ) «ሜቩሻል» የተባለው ዓይነት በሙቀት ያለፈ ነው። በዛሬው አሠራር ጭማቂው ወይም ወይን ጠጁ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ወዲያውኑ ይቀዘቅዛል።

ከእነዚህ ደንቦች መካከል በጣዕም ላይ ለውጥ ሊያመጣ የሚችለው በተለይ የመጨረሻው ነው።

ስለ ሞስካቶ

ሞስካቶ ቢያንኮ የተባለው ወይን በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንት ክፍለ ሀገር፣ በአስቲ አካባቢ በብዛት ይበቅላል። ጭማቂው በመፍላት ላይ እንዳለ ስለሚቀዘቅዝ እርሾው ሥራውን ያቆማል፤ ስኳሩም ሳያልቅ ይቀራል። ከዚህ የሚገኘው «ሞስካቶ ዳስቲ» አልኮሉ ከ4.5 እስከ 6.5 በመቶ ሲሆን ጥቂት ጋዝ አለው። ዋና ሀብቱ መዓዛው ስለሆነ ሙቀት ያደረሰው ጉዳት ካለ ቶሎ ይታወቃል።

አቀማመስ

1. ወይን ጠጁን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዝ፤ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ሢሶ ያህል መቅዳት።

2. መልኩን በነጭ ወረቀት ፊት ማየት። ፈዛዛ ቢጫና የጠራ መሆን ይገባዋል። ወደ ቡናማነት ካደላ አየር ገብቶታል ወይም አርጅቷል።

3. ማሽተት። የትኩስ ወይን ፍሬ፣ የኮክና የብርቱካን አበባ መዓዛ መልካም ነው። የተቀቀለ ፍሬ ወይም የማርማላታ ሽታ ሙቀት እንደጎዳው ያመለክታል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ የቡሽ ጉድለት፣ የኮምጣጤ ሽታም የመበላሸት ምልክት ነው።

4. መጉረስና በአፍ ውስጥ ማዘዋወር። ጣፋጭነቱን የሚመጥን ኮምጣጣነት ከሌለው ወይን ጠጁ ይሰለቻል።

5. ፍርዱ ትክክል እንዲሆን ኮሸር ካልሆነ፣ ከዚያው ዓይነትና ከዚያው ዓመት ምርት ጋር ምልክቶቹን ሸፍኖ ማወዳደር።

ማሳሰቢያ

ሜቩሻል ያልሆነን ወይን ጠጅ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ከፍቶ ከቀዳው ሕጉን አጥባቂ የሆኑ እንግዶች አይጠጡትም። ወይን ጠጁ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለማዕዳቸው አይሆንም። ስለዚህ ከመክፈት በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብና ለቅምሻ የሚሆነውን ጠርሙስ ከግብዣው ለይቶ መግዛት እንደሚገባ እናሳስባለን።