ፈረንሳዮች የማይናገሩበት፣ ግን የሚጽፉበት ኃላፊ ጊዜ

ፓሪስ ውስጥ ሰው ትናንት የሆነውን ለጓደኛው ሲያወራ ፓሴ ሳምፕል በሚባለው የግሥ እርባታ አይጠቀምም። ልብ ወለድ ወይም ተረት ቢገልጥ ግን በየገጹ ያገኘዋል። ከአፍ የራቀውን ይህን ኃላፊ ጊዜ ትምህርት ቤት እስከ ምን ድረስ ያስተምር የሚለው ጥያቄ ፈረንሳይን ዛሬም ያከራክራል።

ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳይኛ ለተፈጸመ ድርጊት ሁለት እርባታዎች አሉት። ፓሴ ሳምፕል በቀጥታ ከላቲን የተወረሰ የአንድ ቃል እርባታ ነው። ፓሴ ኮምፖዜ ደግሞ በረዳት ግሥ ይሠራል። አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን ለመጨበጥ አይቸገርም። «ልጁ ሄደ» ስንል ድርጊቱን እንተርካለን። «ልጁ ሄዷል» ስንል ግን የመሄዱ ውጤት አሁንም እንዳለ እንናገራለን፤ «ሄዷል» ራሱ «ሄዶ» ላይ «አለ» ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ፓሴ ኮምፖዜም ጥንት ሥራው እንደ «ሄዷል» ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የ«ሄደ»ንም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ።

ሰዋስው ጸሐፊዎች ድንበሩን ለማስከበር ሞክረው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንሪ ኤስቲየን የጠቀሰው፣ በ1660 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፖር ሮያል ሰዋስውም የደገመው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ፓሴ ሳምፕል የሚነገረው ቢያንስ አንድ ሌሊት ላለፈበት ድርጊት ነው፤ ዛሬ ለሆነው ፓሴ ኮምፖዜ ነው። ጉዳዩ የቲያትር መድረክንም ነክቷል። በ1637 በታየው የኮርኔይ «ለ ሲድ» ውስጥ አንድ መስፍን ጥቂት ቀደም ብሎ ያደረሰውን ውርደት በፓሴ ሳምፕል ያነሳል። የፈረንሳይ አካዳሚም መሃል ላይ ሌሊት አላለፈም ብሎ ስህተቱን ነቀሰ። በየቤቱና በየገበያው የሚናገረውን ሰው ግን ማን ሊቆጣጠር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሴ ሳምፕል ከፓሪስ ንግግር ወጥቶ ነበር። የቋንቋ ሊቁ አንትዋን ሜዬ በ1909 ስለዚሁ መጥፋት ጽፏል።

የመጥፋቱ አንድ ምክንያት ከእርባታው ቅርጽ ይታያል። «ዘፈንኩ» ለማለት የሚጻፈው «ጀ ሻንቴ» በብዙዎች አፍ «እዘፍን ነበር» ከሚለው አይለይም። «ጨረስኩ» እና «እጨርሳለሁ» ደግሞ ሁለቱም «ጀ ፊኒ» ናቸው፤ በጽሑፍም አንድ ናቸው። የመወለድ ግሥ «ናኪ»፣ የመኖር ግሥ «ቬኪዩ» ሲሆን ከመነሻቸው ገምቶ መድረስ ያስቸግራል። ለፓሴ ኮምፖዜ ግን የሁለት ረዳት ግሦችን የአሁን ጊዜ ካወቁ በኋላ ለየግሡ አንድ ቅርጽ መያዝ ይበቃል። ደቡብ ጀርመንና ሰሜን ጣሊያንም በየራሳቸው ቋንቋ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በካናዳ ኖቫ ስኮሻ፣ በሴንት ሜሪ ወሽመጥ ዙሪያ የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካዲያውያን ግን ዛሬም በፓሴ ሳምፕል ይነጋገራሉ፤ መድረሻዎቹንም አቅልለው «ኢ» ላይ ሰብስበዋቸዋል።

ጽሑፍ ሌላ ታሪክ አለው። አልበር ካሙ በ1942 «ሌትራንዤ»ን ሲያወጣ ትረካውን በፓሴ ኮምፖዜ ጻፈው፤ ለልብ ወለድ እንግዳ ምርጫ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ሮላን ባርት በ1953 ፓሴ ሳምፕልን ለትረካ ምሰሶ አድርጎ ተነተነው። የቋንቋ ሊቁ ኤሚል ቤንቬኒስት ደግሞ በ1959 ፓሴ ሳምፕል የታሪክ ትረካ ጊዜ ነው አለ፤ ተራኪው ይሰወርና ድርጊቶቹ ራሳቸውን የሚያወሩ ይመስላሉ፣ ዋናው መደብም ሦስተኛው ነው።

የዘመናችን ክርክር ያረፈው በዚህ ሦስተኛ መደብ ላይ ነው። በ2015 ወጥቶ በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት፣ ከአንደኛ ደረጃ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት እስከ ኮሌዥ (የመካከለኛ ደረጃ) የመጀመሪያ ዓመት ባለው እርከን፣ የሦስተኛ መደብ ነጠላና ብዙ ቁጥር ይበቃል አለ። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ ተረቱ ሁሉ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እነሱ» ነው። «እናንተ ዘፈናችሁ» የሚለውን «ቩ ሻንታት» በቃል ማስያዝ ሰዓት ይበላል፤ የሚሰማው ሰውም የለም። በ1990 የፊደል ማሻሻያው ከ«ኢ» እና ከ«ዩ» ላይ ብዙ ባርኔጣ መሰል ምልክት (^) ሲያነሳ እንኳ በፓሴ ሳምፕል «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ያለውን አልነካም፤ ልጁ እሱንም ማስታወስ አለበት።

እኔ ግን ቅነሳውን አልደግፍም፤ ምክንያቴም ልጆቹ የሚያነቧቸው መጻሕፍት ናቸው። የዡል ቬርን «ሃያ ሺህ ሊዩ ከባሕር በታች»ን የሚተርከው ፕሮፌሰር አሮናክስ ራሱ ነው፤ «ወደ ምድር እምብርት ጉዞ»ንም ወጣቱ አክሴል። በሁለቱም የሚወርደው፣ የሚያየው፣ የሚፈራው «እኔ» እና «እኛ» ነው። እነዚህን ቅርጾች አይቶ የማያውቅ ልጅ በልኩ የተጻፈለትን መጽሐፍ በየገጹ እየተደናቀፈ ያነባል። አሳታሚው ደግሞ ይህን ሲያይ መጽሐፉን ለልጁ ያቀልለታል፦ የኤኒድ ብላይተን የአምስቱ ልጆች ጀብዱዎች በ2000ዎቹ በአዲስ የፈረንሳይኛ እትም ሲወጡ ፓሴ ሳምፕል በአሁን ጊዜ ተተክቷል። እርባታው ከመጽሐፉ ሲወጣ ትምህርቱ ይበልጥ ትርፍ ይመስላል፤ ሲማሩ ያላዩትን አላወቃችሁም ብሎ ልጆችን መውቀስም አይቻልም። እንዲህ ያለ የሥርዓተ ትምህርት ውሳኔ ከፈረንሳይ ውጭም ይሻገራል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ሊሴ ገብረ ማርያም የሚያስተምረው በፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ይህን ኃላፊ ጊዜ ለማንበብ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ለመጻፍ ማወቅ ሌላ። ስድስቱንም መደብ እያነበቡ መለየት ለሁሉም ልጅ ይገባል፤ ሳያዩ ጽፎ ማውጣቱ ግን ሊዘገይ ይችላል። መጀመሪያ መለመድ ያለባቸውም ከመነሻቸው የራቁት ናቸው፦ የመሆን «ፊዩ»፣ የመያዝ «ዩ»፣ የማድረግ «ፊ»፣ የመምጣት «ቫን»፣ የማየት «ቪ»። የመጨረሻው ሲጻፍም ሲነገርም «ይኖራል» ከሚለው የአሁን ጊዜ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ልጁ የሚለየው በዙሪያው ካለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የትምህርቱ ቦታ የእርባታ ሠንጠረዥ ሳይሆን ጮክ ተብሎ የሚነበብ ታሪክ ነው።