የተነካካች ቮልስ ስንት ታወጣለች?

አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያቺ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ጥንዚዛ መሳይ መኪና ዛሬም በመንገዳችን አለች፤ ከፋብሪካ እንደወጣች የቆየችው ግን ጥቂት ናት። የአንዷ ሞተር ለሌላዋ ተገጥሟል፤ መብራቷም ቸርኬዋም ተለውጧል። ታዲያ ደብረ ታቦር ላይ «ደህና ቮልስ ተገኝታለች» የተባለ ሰው ምኗን አይቶ ዋጋ ይቁረጥ?

ቀለሙን ይተወው። የኋላውን ወንበር ያንሣ፤ የሻንሲው ቁጥር መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ በ116 የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር የ1966 ሞዴል ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። በ«ዲ» ከጀመረ 1200፣ በ«ኤፍ» 1300፣ በ«ኤች» 1500 ነው። እንግዲህ የ1966ቷ ቮልስ «ኤች» ይዛ ከተገኘች ሞተሯ ተቀይሯል ማለት ነው።

መቀየሩ ብቻውን ነውር አይደለም። ለአውሮፓ ሰብሳቢ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ለእኛ ደጋ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ይጨምራል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ የ1200ዋ 34 የፈረስ ጉልበት ወደ 25 ይወርዳል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጡ የትልቁ ሞተር ልዩነት በማርሽ ይታወቃል። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር ፈላ ብሎ መቆም የለም፤ የማራገቢያው ቺንጋ ከተበጠሰ ግን ወዲያው መቆም ነው። ሞተር ያሳደገ ሰው ፍሬኑንም አሳድጎ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ቁልቁለቱ አይምርም።

ዋጋ የሚገድለው ወለሉ ነው። ባትሪው ከኋላው ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ላሜራውን ይበላል። ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ያለችው ቮልስ ተተኪ የላትም፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። ቢሆንም የሻንሲው ቁጥር የተፋቀ ወይም የተበየደ ከሆነ በርካሽም አይግዟት። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመም ሻጩ አስመዝግቦ እስኪመጣ ቀብድ አይክፈሉ።