በሕይወት ስላለ ዝነኛ ሰው ልብ ወለድ መጻፍ ነውር ነው?

በአርታኢነት ሥራዬ ወጣት ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ጸሐፊዋ አና ቶድ በ2013 (እ.ኤ.አ.) «አፍተር» የተሰኘ ልብ ወለዷን ዋትፓድ በተባለው የጽሑፍ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በየምዕራፉ ስትለቅ ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ የቀረጸችው በዋን ዳይሬክሽን የሙዚቃ ባንድ አባሉ በሃሪ ስታይልስ አምሳል ነበር። በ2014 ሲታተም ሃሪ «ሃርዲን» ተባለ፤ በ2019 ደግሞ ፊልም ሆነ። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጉልበቱ ይገባኛል። አንባቢው የዝነኛውን መልክና ድምፅ አስቀድሞ ያውቃል፤ ጀማሪዋ ጸሐፊም ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ወዲያው አስተያየት ታገኛለች። እንዲህ ያለ የልምምድ ዕድል በቀላሉ አይገኝም።

ግን ሰውየውስ? አድናቂዎች ሃሪንና የባንዱን ሌላ አባል ሉዊ ቶምሊንሰንን በድብቅ ፍቅረኞች አድርገው ጻፉ፤ ብዙዎችም እውነት ነው ብለው ተከራከሩ። ሉዊ ወሬው ከጓደኛው ጋር የነበረውን ቅርርብ እንደጎዳው በአደባባይ ተናግሯል። በ2019 «ዩፎሪያ» የተሰኘው ድራማ ሁለቱን በአኒሜሽን የወሲብ ትዕይንት ሲያሳይም፣ ሉዊ ማንም እንዳላማከረውና እሱም እንዳልፈቀደ አስታውቋል።

ለእኔ ድንበሩ እዚህ ነው፦ ልብ ወለድ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ለባለታሪኩም ሆነ ለቤተሰቡ አይላክ፤ የወሲብ ትዕይንት ካለው ደግሞ ስሙም ታሪኩም ይቀየር። ለአካለ መጠን ባልደረሰ ሰው ላይ የሚጻፍ የወሲብ ትዕይንትን ግን ስም ቢቀየርም አልቀበልም።