ከቃጠሎ በኋላ፦ ደም፣ ሽንት ወይስ አፈር ይመርመር?

መዳቡን ለማውጣት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያቃጥል ሰው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ማየት ብርቅ አይደለም። የፕላስቲክ ልባሱ ነዶ ያልቃል፣ መዳቡ ለቆራሌው ይሸጣል፣ አመዱ እዚያው ይቀራል። በቆዩ ሽቦዎች ልባስ ውስጥ ሙቀት እንዲችል እየተባለ የእርሳስ (ሊድ) ውህድ ይጨመር ነበር፤ ልባሱ ሲነድ እርሳሱ ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ከፊሉ አመዱ ውስጥ ይቀራል። በማግስቱ እዚያ የሚጫወት ሕፃን አመዱን በጣቱ ይዞ ወደ አፉ ይወስደዋል። ይህ እርሳስ ወደ ሰውነቱ መግባቱን በምን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስን ያጠቃው ሰደድ እሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ሲያወድም በየግቢው አፈር ላይ እርሳስ ተገኝቷል፤ ነዋሪዎችም ደማቸውን በነፃ እንዲያስመረምሩ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል ጣሪያው ከ400 ቶን በላይ እርሳስ ነበረበት፤ በአካባቢው የሚኖሩ ሕፃናት ደም ተመርምሯል። ጫካ ብቻ ሲነድ ስጋቱ አነስ ይላል። እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት የሚበዛው ቤት፣ መኪና፣ ባትሪና ቀለም የተቀባ እንጨት ሲነድ ነው። ስለዚህ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ዓይነት ቃጠሎ ለጉዳያችን ከተራራ ሣር ቃጠሎ ይበልጥ ይቀርባል።

አቃቂ ላይ ደግሞ ከቆዳ ሥራ የሚመጣ ክሮሚየም አለ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ የቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል ግን ከፊሉ ካንሰር ወደሚያመጣው ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ቁርጥራጭ ቆዳና አሮጌ ጫማ ምድጃ ውስጥ መማገድ በፍጹም አይገባም። ብረት በውሃም ይመጣል፦ ትንሹና ትልቁ የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፣ በመንገዳቸውም አትክልት በውሃቸው ይለማል። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ብረቶችን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በጥቅሉ ቆስጣና ሰላጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ ብረት ይሰበስባሉ።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ «ያለውን ብረት ሁሉ እዩልኝ» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ምን ነደደ? መቼ? ማን ተነፈሰው፣ ማንስ ነካው? የሚታዘዘው ምርመራ በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይወሰናል። እርሳስ የሚለካው በደም ነው። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ከዓመት በፊት ስለነበረ ቃጠሎ ዛሬ የሚደረግ የደም ምርመራ ብዙ አይነግርም። ካድሚየም በተቃራኒው ኩላሊት ውስጥ ስለሚከማች ሽንት የዓመታትን ታሪክ ያሳያል። አርሴኒክ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል፤ የባሕር ዓሣ የበላ ሰው ግን ቁጥሩ ጉዳት በሌለው አርሴኒክ ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት ዓሣ መተው አለበት። የክሮሚየም የሽንት ውጤት ሦስትን ከስድስት አይለይም። የፀጉር ምርመራ ላይ ግን እምነት እንዳትጥሉ እለምናችኋለሁ፦ ፀጉር ላይ ያረፈ አቧራና ከሰውነት የወጣ ብረት አይለዩም። ብረት የሚያስወጣ መድኃኒት ካስዋጡ በኋላ ሽንት መለካትም ጤነኛውን ሁሉ የተመረዘ ያስመስላል።

አንድ ትንሽ ነገር ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል። የሕፃኑ ደም ከጣቱ የሚወሰድ ከሆነ እጁ አስቀድሞ በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ አለበት። አልኮል ብቻውን የእርሳስ አቧራ አያስለቅቅም፤ ቆዳው ላይ የቀረችው ብናኝ ከደሙ ጠብታ ጋር ትገባለች። ከጣት የተወሰደው ደም ውጤት ከፍ ካለ ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጣል።

ለእርሳስ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል፤ አሜሪካ ለሕፃናት የምትጠቀምበት መለኪያ 3.5 ነው። ብረቱን ከሰውነት የሚያስወጣው መድኃኒት ለሕፃናት የሚታሰበው 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሕክምናው ምንጩን ማራቅ፣ አመዱን በደረቁ አለመጥረግ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልና የብረት (አይረን) ማነስ ካለ ማከም ነው፤ አይረን ያነሰው ሕፃን እርሳስን ይበልጥ ይመጥጣል።

ደም ውስጥ እርሳስ መገኘቱ ከእሳቱ መጣ ማለት አይደለም። ዓይን የሚኳልበት አንዳንድ ኩል፣ ነፍሰ ጡር የምትበላው አፈር፣ ግቢ ውስጥ የሚፈታ የመኪና ባትሪም ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሕፃኑ ከሚጫወትበት ቦታ ከላይኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር አፈር ተወስዶ ቢመረመር የምመክረው። ምንጩ ተወገደ ከተባለ በኋላ ደሙ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ካልወረደ እርሳሱ አሁንም እየገባ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋው ቤት ውስጥ ይቀጥላል።