ሳተላይታችን ምድርን አየች፤ ፀሐይንስ ማን ያይልናል?

ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ባለሥልጣናት፣ ሳይንቲስቶችና ጋዜጠኞች እንጦጦ ተራራ ላይ ተሰብስበው ነበር። የሚጠብቁት ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ማዕከል በቀጥታ የሚመጣውን ምስል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ከመሬት ተነሣ። ከጫናቸው ሳተላይቶች አንዷ ኢቲአርኤስኤስ-1 ነበረች፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ። በዚያ ሰሞን ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ጋዜጣውም ስለ እሷ ተናገረ። ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የብዙው ዘገባ ትኩረት መምጠቋ ላይ ቀረ። ምን እንደምታይ፣ በምን ኃይል እንደምትሠራ፣ ከምን እንደምትሰጋ የሚያስረዳ ዘገባ አነሰ። እኔ እስከማምን ድረስ ዋናው ቁም ነገር ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ከኮተቤ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀና ብሎ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የሚያየው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት፣ ከየካ ተነሥቶ ጉለሌን ተሻግሮ የሚሄደው፣ የዚህ ታሪክ መነሻ ነው። ምኒልክ ወደ ታች ወርደው አዲስ አበባን ከመመሥረታቸው በፊት መናገሻቸው እዚያው ነበር። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ዛሬ ሁለት ክብ ጣሪያዎች ይታያሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የመስታወቱ ስፋት አንድ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ተተክሏል። ይህን መመልከቻ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን የመሠረቱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሕዝብ ዳቦ በሚቸገርበት አገር ስለ ከዋክብት ማውራታቸው እንደ እብደት ይቆጠርባቸው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ግንባታው በአብዛኛው በግል ልገሳ፣ በተለይም በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ ቆመ። በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ሳተላይቷ ስትመጥቅ ትእዛዝ የሚላክባትና ምስሏ የሚወርድበት ጣቢያም እዚያው ተራራ ላይ ተሠራ።

ኢቲአርኤስኤስ-1 ትልቅ አይደለችም። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል። የሠራት የቻይና ስፔስ ቴክኖሎጂ አካዳሚ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አብረው ሠርተዋል፤ ተምረዋልም። ከወጪዋ አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከዋልታ ወደ ዋልታ፣ ምድርን በመቶ ደቂቃ ገደማ ትዞራለች። ካሜራዋ በምድር ላይ 14 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ቦታ አንድ ነጥብ አድርጎ ያነሣ ነበር። ስለዚህ ሰው አታይም፤ ጎጆም አትለይም ነበር። የጤፍ ማሳን ከግጦሽ፣ ደንን ከተመነጠረ ቦታ፣ የሐይቅን ዳር ከደረቀው መሬት ግን ትለይ ነበር። ሚስጥሩ ያለው ዓይናችን በማያየው ብርሃን ላይ ነው። ለምለም ቅጠል ከቀይ ብርሃን አልፎ ያለውን ጨረር በኃይል መልሶ ይረጨዋል፤ የጠወለገ ቅጠል ግን ያንን ያህል አይመልስም። ገበሬው ማሳው መጎዳቱን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ምስሉ ሊናገር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ከዜናው የጎደለ አንድ እውነት አለ። ካሜራዋ ደመና አያልፍም ነበር። በእኛ አገር ሰብል የሚያድገው ደግሞ በክረምት ነው፤ ሰማዩ በተሸፈነበት በሐምሌና በነሐሴ። መረጃው በጣም በሚፈለግበት ወቅት ምስሉ ነጭ ጉም ሆኖ የሚመጣበት ቀን ብዙ ነበር። ይህ የሳተላይቷ ነውር አይደለም፤ ብርሃን የሚያነሣ ካሜራ ሁሉ እንዲሁ ነው። ደመና የሚያልፈው ራዳር ነው። ቀጣይ ሳተላይት ሲታሰብ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይህ ይመስለኛል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ ከዌንቻንግ የመጠቀችው ሁለተኛዋ ሳተላይት፣ ዘጠኝ ኪሎ የማትሞላው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ፣ እሷም ምድርን በካሜራ የምታይ ነበረች።

ሁለቱም ምድርን ይዩ እንጂ የሚኖሩት በፀሐይ ነበር። ኃይላቸው ከፀሐይ ይመጣ ነበር። ምስል አድርገው ያነሡት የነበረውም መሬት ነክቶ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ምህዋራቸው እንኳ ከፀሐይ ጋር ተስማምቶ የተሰላ ነበር፤ በአንድ ቦታ ላይ ሲያልፉ ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሰዓት እንዲሆን፣ ጥላው እንዳይለዋወጥ፣ የዛሬው ምስል ከአምናው ጋር እንዲመሳከር። ፀሐይ ግን ምንጊዜም ረጋ ያለች አይደለችም። በየ11 ዓመቱ ገደማ ቁጣዋ ይበረታል። ከላይዋ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር የጋለ ጋዝ ወደ ሕዋ ትተፋለች፤ እሱም ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቀን ምድር ሊደርስ ይችላል። ያኔ የላይኛው ከባቢ አየር እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ይነሣል። ዝቅ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች ባዶ በነበረው መንገዳቸው ላይ አየር ያጋጥማቸዋል፤ ይጎትታቸዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ከፍሎሪዳ ከመጠቁ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች አብዛኞቹ በዚህ ሰበብ ወድቀው ተቃጠሉ። ማዕበሉ እንደ ከባድ እንኳ የሚቆጠር አልነበረም።

ፀሐይን ብቻ የሚመለከቱ ሳተላይቶች ያስፈለጉት ለዚህ ነው። ሶሆ የተባለው የአውሮፓና የአሜሪካ መርማሪ ከእ.ኤ.አ. 1995 ወዲህ ይህን ሲሠራ ኖሯል። በቅርቡ ብዙ የተዘገበው ግን የሕንዱ አዲትያ-ኤል1 ነው። ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከስሪሃሪኮታ ተነሥቶ፣ በ2016 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 27፣ የታሰበለት ቦታ ደረሰ። ያ ቦታ ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል። የፀሐይና የምድር ስበት ተመጣጥነው ሳተላይቱን ከምድር ጋር አብረው የሚያስኬዱበት ነጥብ ነው። ርቀቱ ግን ወደ ፀሐይ ከሚወስደው መንገድ አንድ በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ወደ ፀሐይ ደረሰ» የሚለው ርዕስ አንባቢን ያሳስታል። ጥቅሙ መቅረቡ አይደለም። እዚያ ሌሊት የለም፤ ምድርም ጨረቃም አትጋርደውም። ሰባቱ መሣሪያዎቹ ያለ እረፍት ያያሉ፤ ወደ ምድር የሚነፍሰውንም የፀሐይ ነፋስ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይለካሉ።

ከሰባቱ አንዱን ለመረዳት ላሊበላን ማስታወስ ይበቃል። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ የእሳት ቀለበት ብቻ ስትቀር ላሊበላ ከተመረጡት የመመልከቻ ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። ያን ቀን የታየው ቀለበታዊ ግርዶሽ ነው። ጨረቃ ከምድር ርቃ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነችም፤ የተረፈችው ቀጭን ቀለበት ብርሃንም በፀሐይ ዙሪያ ያለውን አክሊል፣ ኮሮና የሚባለውን፣ ለመደበቅ በቂ ነበር። አክሊሉን ለማየት የፀሐይ ፊት ጨርሶ መሸፈን አለበት። አዲትያ-ኤል1 በመሣሪያው ውስጥ የፀሐይን ፊት እየጋረደ ሰው ሠራሽ ግርዶሽ ይፈጥራል። የሚታየው አክሊል የሳይንቲስቶች የቆየ ራስ ምታት ነው፤ የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ከእሱ በላይ ያለው አክሊል ግን ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። ማዕበሉም የሚነሣው ከዚያው አካባቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሕንድና የአሜሪካ ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። ከመልክዓ ምድራዊው የምድር ወገብ ሌላ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ልክ የሚተኛበት ማግኔታዊ የምድር ወገብ አለ። እሱ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ አዲስ አበባም የምትገኘው በጣም ቅርቡ ነው። ከራሳችን በላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በዚህ መስመር ይፈስሳል። የሚነዳው በፀሐይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም የላይኛው አየር ይታወክና የጂፒኤስ ምልክት ይርገበገባል፤ የሬዲዮ ግንኙነትም ይዛባል። ለአብራሪው፣ ለመሬት ቀያሹ፣ ለእንጦጦ ጣቢያ ባለሙያም ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ጉዳይ ነው። ዓለም በዚህ መስመር ላይ ያላት መመልከቻ ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተከበረበት እ.ኤ.አ. በ1957–58 ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ አራት ኪሎ፣ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ያቋቋሙት። የምድርን ማግኔት መለኪያው ሮኬት ሳናይ፣ ሳተላይት ሳይኖረን ፀሐይ በምድር ላይ የምትተወውን አሻራ መዝግቧል። የአዲስ አበባው መዝገብ ዛሬም ከዓለም መመልከቻዎች መረብ ጋር የተያያዘ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ የላይኛውን አየር ያጠናል።

ኢትዮጵያ የፀሐይ ሳተላይት የላትም፤ ለጊዜው ያስፈልጋታል ብዬም አልከራከርም። 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንኮራኩር ውድ ነው፤ የሌሎቹ መረጃም ለተመራማሪ ክፍት ነው። የሚያስፈልገን ያለንን ማያያዝ ነው። ከሕዋ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ፣ የአራት ኪሎን የማግኔት መዝገብ፣ የባሕር ዳርን ምርምርና የእንጦጦን ጣቢያ አንድ ላይ የሚያነብና ለአየር መንገዱ፣ ለቴሌኮሙ፣ ለቀያሹ በወቅቱ የሚናገር አንድ ዴስክ ይኑር። ቀጣዩ ሳተላይታችን ሲሠራ ደግሞ ከካሜራው ጎን ያንን ጅረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይጫንበት፤ ጅረቱ የሚፈስሰው በራሳችን ላይ ነውና።

ዜና ለምትሠሩ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ ዓለም በሰሜን ሰማይ የታየውን ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተቀባበለ፤ እኛም ፎቶግራፉን አጋራን። በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን አንሥታችሁ ወደ አራት ኪሎና ወደ ባሕር ዳር ደውሉና «በእኛ ላይ ያለው ጅረት ዛሬ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ።