ቦምብ እንደ ተሸከመች የሰጠመችው መርከብ

ወረታ ተቀምጠው፣ ወይም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ ስለ ባሕር መርከብ ለማሰብ ምክንያት የለዎትም። በዚህ አገር በውሃ ላይ የሚታወቀው በጣና የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳ ነው፤ ክረምት ሲሆንና ርብና ጉማራ ሲሞሉ ደግሞ ሜዳው ራሱ ባሕር ይመስላል። ይሁን እንጂ አገራችንን ለመውጋት ያገለገለች አንዲት የእንፋሎት መርከብ በቀይ ባሕር፣ ከፖርት ሱዳን ወደብ አጠገብ፣ ከ80 ዓመት በላይ ከውሃ በታች ተጋድማ ትገኛለች። ስሟ ኡምብሪያ ይባላል።

ይህች መርከብ በ1904 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተሠራች። ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያ ስሟ ባሂያ ብላንካ ነበር። በኋላ ለአርጀንቲና ሆነች፤ በመጨረሻም በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢጣሊያ መንግሥት ገዝቶ ኡምብሪያ አላት። ዘመኑን ልብ ይበሉ! ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን በባሕር የሚያጓጉዝበት ጊዜ ነበር። ኡምብሪያም በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አመላለሰች።

በ1932 ዓ.ም. በግንቦት ወር ግን የተጫነችው ሰው ሳይሆን ከ15 እስከ 100 ኪሎ የሚመዝኑ 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦምቦች ነበር። ከነዚህም ጋር ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎች ነበሩባት። ጉዞዋ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ ነው። ኢጣሊያ ገና ጦርነት ስላላወጀች እንግሊዞች በስዌዝ ቦይ እንድታልፍ ፈቀዱላት፤ ነገር ግን ቀይ ባሕር ከገባች በኋላ የጦር መርከባቸው አስቁሞ «የተከለከለ ዕቃ እንፈትሻለን» በማለት ከፖርት ሱዳን ውጭ መልሕቅ አስጣላት። የእንግሊዝ ባሕረኞችም ወጡባት።

ሰኔ 3 ቀን ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬዛን በክፍሉ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሙሶሊኒን የጦርነት ዐዋጅ ሰማ። ወሬው ለጠባቂዎቹ ገና አልደረሰም ነበር። ካፒቴኑ ለእንግሊዞቹ «በጀልባ የማምለጥ ልምምድ እናደርጋለን» ብሎ ሰዎቹን ወደ ጀልባ ሲያወርድ፣ በታች ያሉት ደግሞ ውሃ እንዲገባ ከፈቱ። ጠባቂዎቹ ነገሩ ሲገባቸው መርከቢቱ መዳን የማትችልበት ደረጃ ላይ ደርሳ ነበር። ሙዬዛንም ተማርኮ ወደ ሕንድ ተወሰደ። እርግጥ ነው፣ ይህን ያደረገው ጭነቱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ እንጂ ለእኛ አስቦ አይደለም!

እንግዲህ ይህ ለፎገራ ሰው ምኑ ነው? ጠላት በዚያን ጊዜ ጎጃምንና በጌምድርን ይዞ ነበር። ከፎገራ በስተሰሜን፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ቁልቋል በርን እስከ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. አልለቀቀም፤ ጎንደርም የተያዘችው ከዚያ 6 ቀን በኋላ ነው። በዚያ መጨረሻ ወራት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አልቀው ስለ ነበር ቦምብ ብቻውን አያድናቸውም ነበር። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ግን አውሮፕላኑም አብራሪውም ነበራቸው። ያ ሁሉ ቦምብ በሰላም ምጽዋ ደርሶ ቢሆን በአርበኞች መንደርና በገበሬው አዝመራ ላይ እንደሚወርድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ኡምብሪያን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1950 ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ እርሷ የጠለቀው የኦስትሪያው ተመራማሪ ሐንስ ሐስ ነው። መርከቢቱ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ የላይኛው አካሏ ለውሃው ገጽ ቅርብ ነው፤ ታችኛው ግን 36 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ጠላቂው በጭነት ክፍሎቿ ውስጥ ቦምቦቹን ተደርድረው፣ የሲሚንቶውን ከረጢት ድንጋይ ሆኖ፣ ሦስቱንም ፊያቶች ዝገው ያያቸዋል። ዓሦች በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ቦምቦቹ አሁንም ፈንጂ ስለ ሆኑ መነካካት ክልክል ነው።

ለመሆኑ ሰው እዚያ ታች እንዴት ይተነፍሳል? ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሠሩት መሣሪያ በጀርባ ከሚታዘለው የታመቀ አየር ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ በዙሪያው ባለው የውሃ ግፊት ልክ ይሰጠዋል። ግፊቱ በየ10 ሜትሩ በአንድ የባሕር ወለል አየር ያህል ይጨምራል። 36 ሜትር ላይ ከ4 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል።

ከባዱ ነገር መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። በግፊት ምክንያት ናይትሮጂን የተባለው አየር በደም ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ቸኩሎ ከወጣ፣ የቢራ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ፣ ደሙ አረፋ ያወጣል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ በደቂቃ 10 ሜትር ያህል ብቻ እየወጣ በመንገድም ቆም ማለት አለበት።

ከደጋ ለሚወርድ ወጣት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፎገራ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛው ብቻ ነው። ከሰዓት በፊት ከኡምብሪያ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ወደ አገሩ የሚመለስ ጠላቂ ከውሃው በደኅና ቢወጣም አረፋው በከፍታው ላይ ሊነሣበት ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በባሕሩ ዳር ዐርፎ መሳፈር ይኖርበታል።