ከጠገራ ብር እስከ ዶላር፤ ስለ ነዳጅ ዘይት ንግድና ስለ ሰው አገር ገንዘብ

ገንዘብ የዕቃ መለዋወጫ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለኑሮው ግድ የሆነውን ነገር ራሱ በማያትመው ገንዘብ የሚገዛ በሆነ ጊዜ፥ ገንዘቡ መለዋወጫ መሆኑ ይቀርና ልጓም ይሆናል፤ የልጓሙንም ጫፍ የሚይዘው ገንዘቡን የሚያትመው መንግሥት ነው። ዛሬ ስለ ነዳጅ ዘይት ንግድና ይህ ንግድ ስለሚካሄድበት ስለ ዶላር የምንጽፈው ይህን ነገር ለመግለጥ ነው።

ነገሩ ከሩቅ አገር የሚወራ ብቻ እንዳይመስል ምሳሌውን ከቅርብ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤት ሆነው በቆሙበት ሰፈር ዙሪያ፥ ከየአገሩ የመጣ እህልና በርበሬ፥ ልብስና የቤት ዕቃ ሲሸጥ ይውላል። ጤፉ ከጎጃም፥ በርበሬው ከማረቆ ቢመጣ የሚያመጣው ካሚዮን የሚሄደው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣውም በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ገበሬ በኢትዮጵያ ምድር ያበቀለው ጤፍ ለኢትዮጵያዊ በብር ሲሸጥ፥ በዋጋው ውስጥ የዶላር ድርሻ ተሰውሮ ይገኛል። የራጉኤል ነጋዴ በሱቁ አንድ ዶላር እንኳ ሳይኖረው የዶላሩን ዋጋ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

በሰው አገር ገንዘብ መገበያየት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጠገራ ብር ብለው የሚጠሩት፥ የአውስትርያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ የተቀረጸበት፥ 1780 የሚል የኤውሮጳ ዘመን የተጻፈበት ብር ከመቶ ዓመት በላይ የአገራችን ዋና ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ንግሥቲቱ ከሞተችም በኋላ መልኩና ዘመኑ ሳይለወጥ ይታተም ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር በፓሪስ አሳትመው ቢያወጡም፥ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ በቶሎ አልተወም። የገንዘብ ኃይሉ በልማድና በመታመን እንጂ በዐዋጅ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ጠገራውን ያገኘን ቡናና ቆዳ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሸጠን ነበር። ዋጋው ግን በእኛ እጅ አልነበረም። በኤውሮጳ ታላላቆቹ መንግሥታት ገንዘባቸውን በወርቅ እየመዘኑ ብርን በተዉ ጊዜ፥ በ1860ዎቹና በ1890ዎቹ ዓ.ም. መካከል የብር ዋጋ በሎንዶን ገበያ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ በኢትዮጵያም በሣጥን የተቀመጠው ጠገራ ማንም ሳይነካው ከውጭ አገር የሚገዛው ዕቃ አነሰ።

ከዚህም የባሰ ነገር ተከተለ። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፥ የጠገራ ብር ማተሚያውን ቅርጽ ከአውስትርያ መንግሥት ተቀብላ በሮማ ታትም ጀመር። እንግሊዝም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ብር በሎንዶን፥ ቆይታም በቦምባይ አሳተመች። ወራሪው የሚወርረውን ሕዝብ መገበያያ በገዛ እጁ አትሞ ይዞ መምጣት ቻለ ማለት ነው። በገንዘቡ ላይ የማን ምስል እንደ ተቀረጸ መመልከት ብቻ አይበቃም፤ ማተሚያው በማን ቤት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የራሷ የወረቀት ገንዘብ ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1936 ዓ.ም. የ44 መንግሥታት መልእክተኞች በአሜሪካ በብሬተን ዉድስ ተሰብስበው ነበር፤ የኢትዮጵያም መልእክተኞች በብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን መሪነት ተገኝተዋል። በዚያ ጉባኤ ዶላር በወርቅ፥ የሌሎች መንግሥታት ገንዘብ ደግሞ በዶላር እንዲመዘን ተወሰነ። አንድ ኦውንስ ወርቅ 35 ዶላር ሆነ፤ የእኛም ብር 40 የአሜሪካ ሳንቲም ከሩብ ያህል እንዲያወጣ ተተመነ። መንግሥታት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡት መጠባበቂያ ገንዘብ አስቀድሞ ወርቅና የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ዶላር የበላይነቱን ያዘ።

ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መመንዘር አቋረጡ። ብዙ ሰዎች ዶላር ከክብሩ ይወርዳል ብለው ሲጠብቁ ነዳጅ ዘይት እንደ አዲስ ምሰሶ ሆነለት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የዐረብ መንግሥታት ነዳጅ መሸጥን ሲገቱ፥ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዓመት አሜሪካና ሳዑዲ ዐረቢያ የኢኮኖሚ መተባበር ስምምነት አደረጉ፤ ሳዑዲም ከነዳጅ ያገኘችውን ዶላር የአሜሪካን መንግሥት የዕዳ ሰነድ ትገዛበት ጀመር። ለነዳጅ የተከፈለው ዶላር ዞሮ ወደ አሳታሚው ቤት ይመለሳል፤ ፔትሮዶላር የሚባለውም ይህ ዙረት ነው።

በዚህ ጊዜ በአገራችን የሆነውን መርሳት አይገባም። ብራችን በዶላር ፊት የተዋረደ አልነበረም፤ እንዲያውም በ1965 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ገደማ እስኪመነዘር ድረስ ጸንቶ ነበር። ሆኖም የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ የዋጋውን ጭማሪ ቢቀንስም፥ በዚያው ወር የመምህራንና የወታደሮች ጥያቄ ተጨምሮበት፥ ዓመቱ ሳይፈጸም የዘመኑ አገዛዝ መናጋት ሆነ። የለውጡ ምክንያት ብዙ ነው፤ የወሎ ረኃብ አንዱ ነው። ነገር ግን በሩቅ ባሕር ዳር በዶላር የተቈረጠ ዋጋ የአንድን መንግሥት ዕድሜ ሊነካ እንደሚችል በዐይናችን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ የዶላር ዘመን አልፏል የሚል ወሬ ይሰማል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካና የሳዑዲ የ50 ዓመት ውል አልቋል፥ ነዳጅም ከእንግዲህ በዶላር አይሸጥም የሚል ወሬ በዓለም ሁሉ ተነዝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውል ግን አልነበረም። ነዳጅ በዶላር የሚሸጠው በአንድ ወረቀት ስለ ታሰረ ሳይሆን፥ ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ በማንኛውም አገር ሊገዛበትና ያለ ስጋት ሊያስቀምጠው ስለሚፈልግ ነው። ኢራቅ በ1993 ዓ.ም. ነዳጇን በኤውሮ መሸጥ ጀምራ ከ1995ቱ ጦርነት በኋላ ወደ ዶላር ተመለሰች። ቻይና በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሻንጋይ በዩዋን የሚሸጥ የነዳጅ ገበያ ከፈተች። ሩስያም ለሕንድ ብዙ ነዳጅ ሸጣ በሩፒ ብትቀበል፥ በሕንድ ባንኮች በቢሊዮን የሚቈጠር ሩፒ ተከማችቶ የሚጠቀሙበት መንገድ እንዳጡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ላቭሮቭ በ2015 ዓ.ም. ተናግረዋል። ከገንዘቡ ባለቤት የሚገዛው ዕቃ ያነሰ ሻጭ፥ ገንዘቡ በእጁ እንደ ደረቅ ቅጠል ይቀራል።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ፈጽሞ አልቆመም። ከ25 ዓመት በፊት መንግሥታት ካስቀመጡት መጠባበቂያ ከመቶ 70 የሚያህለው ዶላር ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ወደ 58 ያህል ወርዷል። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የብሪክስ ማኅበር አባል ሆናለች፤ በሐምሌም ብሔራዊ ባንካችን ከተባበሩት የዐረብ ኤሚሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ጋር የ3 ቢሊዮን ድርሃምና የ46 ቢሊዮን ብር የልውውጥ ስምምነት ተፈራርሟል። ነዳጅና ሌላ ዕቃ ከምንገዛበት አገር ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ድርሃም ራሱ ከዶላር ጋር በቁርጥ ዋጋ የታሰረ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ዶላር 3 ድርሃም ከ67 ነው። የሳዑዲ ሪያልና የጅቡቲ ፍራንክም እንዲሁ ናቸው። ልብሱ ቢለወጥ ለባሹ ያው ዶላር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ለሁሉ ግልጥ ሆኗል። 159 ሊትር የሚይዘው አንድ በርሜል 80 ዶላር ነው ብንል፥ ዶላር በ57 ብር በነበረ ጊዜ ዋጋው 4,560 ብር ነበር፤ ዶላር 120 ብር ቢሆን ግን 9,600 ብር ይሆናል። ባለ ነዳጁ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱን መንግሥት በድጎማ ቢሸከመው ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ሕዝቡ ቢሸከመው ከእህል በረንዳ የጤፍ ዋጋ ላይ ይታያል። ከሁለቱ የሚያመልጥ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ስለዚህ ነዳጅን በምን ገንዘብ እንግዛ ከሚለው ጥያቄ በፊት፥ ምን ሸጠን እንግዛ፥ ምን ያህልስ እንግዛ የሚለው ይቀድማል። ቡናችንም ወርቃችንም የሚሸጡት በዶላር ነው፤ ነገ ነዳጅ በዩዋን ቢሸጥ ዩዋኑን ለማግኘት ያው ቡና ያስፈልጋል። የሚያርፈን ከውጭ የምንፈልገው ሲያንስና የምንሸጠው ሲበዛ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብ መመረቁ በዚህ መንገድ የተወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም የራጉኤልን ገበያ የሚመግበው ካሚዮን ገና በናፍጣ ይሄዳል፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ ጭነት መኪና እስኪደርስ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም።

ሹማምንት ያለ ጉዳይ የሚነሣ የመንግሥት መኪና ሁሉ ከገበሬው የቡና ማሳ የተለቀመውን ዶላር እንደሚያቃጥል ያስቡ። ካህናትም ለሚያስተምሩት ሕዝብ፥ የዋጋ መናር ሁሉ የጎረቤት ነጋዴ ክፋት ብቻ እንዳልሆነ፥ ሥሩም ከሩቅ እንደሚመጣ ቢገልጡለት፥ ሕዝቡ በወሬ ከመደንገጥና ወንድሙን በሐሰት ከመክሰስ ይድናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶች፤ በጠገራው ዘመን የተማርነውን በዶላሩ ዘመን ደግመን በመከራ ልንማረው አይገባንም።